የይርሳው ማስታወሻ

ከእኔ በፊት የቀበረችውን ልቧ እንዲረሳው
እናቴ ናት ያለችኝ ይርሳው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
የእኔው መልአክ ግን ሥራ አበዛ፤
እሷ አንድ ሐዘን ብቻ ነው ያለችው፣ እሱ ሁሉንም ገዛ፦
ቁልፉን፣ ቀጠሮውን፣ የኪራዩን ቀን፣
እሳት ላይ ጥጄው የወጣሁትን ሻይ፣
ነድቼ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩበትን
ብስክሌቴን፣ ገበያ ላይ።

የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ፣ ከወደቡ ጎን።
አንዱን ከፈትኩ እንበል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን።
ካንዴላው ያወራኛል፣ ካርቦረተሩ ይመልስለታል፤
እኔ መሐላቸው ነኝ፤ ዓለም ጸጥ ይላል።
ቀና ስል
ይብራዎቹ ወደ ማደሪያቸው ዞረዋል፣
ውኃው መዳብ መስሏል።
ዓባይ በጣና ሆድ ሳይቀላቀል ያልፋል አይደል የሚሉት?
ጊዜም በእኔ ሆድ እንዲሁ ነው፤
አይነካኝ፣
አልነካው።

አንድ ቀን ትርሲት፣ የስምንት ዓመት ልጄ፣
ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት
ከዘበኛው ከጋሽ ማንደፍሮ ጋር አግዳሚው ላይ ጠበቀችኝ።
አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።
«አባዬ፣ ዛሬ የማን ሞተር ነበር?» ብቻ አለችኝ።
ቦርሳዋን ተሸክሜ ቤት እስክንደርስ
ቃሏ እንጂ ቦርሳዋ አልከበደኝ።

ሐኪሟ አራት የባዕድ ፊደል ደረደረችልኝ፦
ኤ ዲ ኤች ዲ።
«ስንፍና አይደለም» አለች።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ዝርክርክ፣ ልበ ቢስ፣ ነፋስ ሲባል የኖረ ሰው
ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤
የትኛው ኪስ እንደሆነ (ሳቁ፣ ግድ የለም)
እስከ ዛሬ አላወቀው።

በነጋታው እድሪስ ደንገል ሲያስር አገኘሁት፣ ከውኃው ዳር።
«ታንኳህ ይሰምጣል ወይ?» አልኩት፣ እንዲያው ወሬ ለመጀመር።
«ደንገል ውኃ ይጠጣል» አለኝ፤ «ጠባዩ ነው፤ አይሰደብም።
ስትመለስ አውጥተህ ታቆመዋለህ፣ ፀሐይ ይመታዋል፤
ነገ ደግሞ እንደገና። ከነገ ወዲያም።
አንዴ የደረቀ ታንኳ እንደደረቀ አይኖርም።»

ያን ቀን ማታ ሚስማር መታሁ፣
ከበሩ ጉበን ላይ፣ ለቁልፌ።
ደብተር አንድ ብቻ ገዛሁ፤ ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይጠፋል፤
በሲባጎ ከቀበቶዬ አሰርኩት።
«እንደ ፍየል?» አለች ባንቺአምላክ፣ ሚስቴ።
አዎ፣ እንደ ፍየል። የፈታሁት ለታ አጣዋለሁ፤ አውቀዋለሁ ራሴን።
ስልኬ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እኔ በሐበሻ፤
በመሐላችን የስድስት ሰዓት ገደል አለ፤
ስንት ቀጠሮዬ እዚያ ገብቶ ቀረ!
ስለዚህ ደወሉ ቁጥር አይንገረኝ፤ ስም ይጥራ፦
«ትርሲት። ተነሥ። አሁን። ብሎኑን ጣለው።»

አንዳንድ ቀን ይሠራል።
አንዳንድ ቀን ደወሉን አጠፋና
«ይቺን አንዲት ብሎን ብቻ» እላለሁ፤
ይቺ አንዲት ብሎን ስንት ዓመቴን በልታለች።

ዛሬ ደወሉ ጮኸ። ብሎኑን ጣልኩት።
እጄን ሳልታጠብ ብስክሌቴን በዘንባባው ሥር ጋለብኩት።
ዘጠኝ ከሩብ!
ከተወለድኩ ቀድሜ ስደርስ የመጀመሪያዬ ነው።
በሩ ዝግ። ግቢው ጭር።
ጋሽ ማንደፍሮ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ አየኝ፤
«ይርሳው፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»
አልሳቀም፤
አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ እንጂ።

ተቀመጥኩ። ሲባጎውን ሳብኩ።
ዘይት በነካው ጣቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ቅዳሜ ትምህርት የለም። ትርሲት ቤት ናት።»
ፀሐይዋ ደግ ነበረች።
ትንሽ እስክደርቅ ቆየሁ።